የፈረሰኞቹ መዝገብና ያልዘጋሁት በር

እኔ በር አልዘጋም። ክፋት ኖሮብኝ አይደለም፤ ይረሳኛል። ስገባም ስወጣም ሐሳቤ ከእግሬ ቀድሞ ይሄድና በሩ እንደተበረገደ ይቀራል። ቆላ ብወለድ ኖሮ ይህ አመሌ ማንንም ባላስቸገረ። ጫግኒ ላይ በር ከፍቶ የሚሄድ ሰው እንዲያውም ነፋስ አስገባልን ተብሎ ሳይመረቅ አይቀርም። እንጅባራ ላይ ግን ክፍት በር ማለት ብርድ ነው፤ ብርድ ማለት ደግሞ የእናቴ ጩኸት ነው። እማ «ዝጋው!» ስትል ሦስተኛው ቤት ያለ ሰው ተነሥቶ የራሱን በር ይዘጋል። በጣም የተናደደች ዕለት ወደ አገውኛ ትሻገራለች። አገውኛው ሲመጣ እኔ ከቤት ውልቅ እላለሁ፤ ስወጣም በሩን አልዘጋም።

ይህን ጉድ በራሴ አፍ የማወራው ወድጄ አይደለም። ባለፈው ታኅሣሥ ከዚሁ አመሌ የተነሣ አንድ ነገር ላጣ ነበር። ነገር አልኩ እንጂ ሰው ናት፤ ውብዓለም ትባላለች።

ውብዓለም እዚሁ እንጅባራ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። እኔ ምንም ሳያመኝ ከእሷ የራስ ምታት ክኒን ስገዛ ሁለት ክረምት አለፈ። በኋላ እሷው ራሷ «ይኼን ያህል የሚያምህ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ የማያምህ ከሆነ ደግሞ ሽማግሌ ላክ» አለችኝና ነገሩ መልክ ያዘ። ችግሩ አባቷ ናቸው። ጋሽ ፈንታሁን የፈረሰኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲስቁ ያያቸው ሰው የሌለ አዛውንት። ሽማግሌዎቼ ገብተው ነገሩን ሲያቀርቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ አሉ።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተር ነው።»

«ኮምፒውተር ዕቃ ነው። ሥራው?»

ሽማግሌዎቼ ተያዩ። ከመካከላቸው ትንሽ የተማሩት አንዱ፣ ከእኔ የሰሙትን አስታውሰው «ያገናኛል» አሉ።

«ማንን ከማን?»

ይህን አልነገርኳቸውም ነበር። ስለዚህ ተነሥተው መጡ።

በማግስቱ ጋሽ ፈንታሁን ራሳቸው አስጠሩኝ። እንደምንም አስረዳሁ። «ጋሼ፣ ሰው በስልኩ የሚያየው ገጽ አለ። ገጹ ግን በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ስሙም ቁጥሩም የሚቀመጠው ዳታቤዝ የሚባል መዝገብ ውስጥ ነው። ገጹና መዝገቡ እንዲነጋገሩ የማደርገው እኔ ነኝ።»

አዳመጡኝ። ከዚያ ግቢያቸው ውስጥ ወዳለው የድንጋይ ሰልፍ በአገጫቸው ጠቆሙኝ። በየዓመቱ ጥር ላይ ለሚደረገው ትርኢት ፈረሰኞች የሚመዘገቡት እሳቸው ቤት ነው። ቀድሞ የተመዘገበ በትርኢቱ ላይ ከፊት ይሰለፋል፤ ስለዚህ ተራ ማለት ክብር ማለት ነው። ከዳንግላ፣ ከአዲስ ቅዳም፣ ከጥርባ የሚመጣው ሰው ምዝገባው ሳይጀመር ቀደም ብሎ መጥቶ ድንጋይ ያስቀምጥና ይሄዳል። ድንጋዩ ሰውዬው ነው። ማንም አይነካውም፤ የነካ ዕለት ሽምግልና ይቀመጡበታል።

«በል እንግዲህ፣ የኔን ፈረሰኞች ከመዝገቡ አገናኛቸው» አሉኝ። «ቅዳሜ ሰው ከያለበት ሆኖ ከተመዘገበ ሽማግሌዎችህ ይመለሱ። ካልሆነ ግን አታድክማቸው፤ ጉልበታቸውም ደካማ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከላፕቶፔ ላይ አልነቀልኩም። እማ «ምን ሆነሃል?» ትለኛለች፤ እኔ «ዳታቤዝ» እላለሁ፤ እሷ የበሽታ ስም መስሏት ለጎረቤት ትናገራለች።

እስቲ ነገሩን በቤት ምሳሌ ልንገራችሁ። ገጹ ሳሎን ነው፣ መዝገቡ ጓዳ ነው፣ በመካከል በር አለ። አንድ ሰው ስሙን ሲያስገባ በሩ ይከፈታል፣ ስሙ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። የምትዘጋው አንዲት መስመር ኮድ ናት። እኔ እቺን መስመር አልጻፍኳትም። ይኸኛው እንኳ መርሳት አልነበረም፣ ብልጠት ነበር። የእኛ አገር ኔትወርክ በሩን ለመክፈት ብዙ ስለሚያንገራግር፣ አንዴ የተከፈተ በር ሰውዬው ገጹ ላይ እስካለ ድረስ ክፍት ይቆይ ብዬ ወሰንኩ። ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ በር። መዝገቡን የያዘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ በአንድ ጊዜ ከሠላሳ በላይ በር እንደማይከፍት አውቅ ነበር። አውቅ ነበር ስል፣ የሆነ ቦታ አንብቤ ነበር ማለቴ ነው።

ሥራው አለቀ። ሞከርኩት፤ ሠራ። ደስ አለኝና ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ «አሁንስ ይሠራል?» አልኩ። ተመልሼ አዲስ ገጽ ከፈትኩ፤ ሠራ። ምሳ በልቼ ስመለስ ደግሞ ልቤ ፈራ፤ ሌላ ገጽ ከፈትኩ፤ ሠራ። አንዳንድ ሰው ሲጨነቅ ጥፍሩን ይበላል፣ አንዳንዱ ይጸልያል። እኔ አዲስ ገጽ እከፍታለሁ።

አንድ ነገር ግን ኮርቼበት ነበር። ገጹ ከመዝገቡ ጋር መገናኘት ሲያቅተው ሌሎች ገጾች የሚያወጡት የእንግሊዝኛ መዓት አለ፤ ያንን ለፈረሰኛ ማሳየት ነውር ነው ብዬ በገዛ ቋንቋችን አጭርና ጨዋ መልእክት ጻፍኩ። «ይቅርታ፣ መዝገቡ አልተገኘም» ይላል። መቼም አይወጣም ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ አንድ ሁለቴ፣ እሺ አምስት ስድስቴ ከሞከርኩ በኋላ ወደ ጋሽ ፈንታሁን ቤት ሄድኩ። ላፕቶፔ ባትሪው አርጅቶ ከሶኬት ሲነቀል ቀጥ ስለሚል እቤት እንደተከፈተ ትቼው ስልኬን ብቻ ያዝኩ። ከሳሎኑ የማኅበሩ ኮሚቴ ተሰብስቧል። ውብዓለም ከጥግ ተቀምጣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ስታየኝ ፈገግ ልትል ጀመረችና አባቷን አይታ ተወችው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ምዝገባው ተከፈተ። ጋሽ ፈንታሁን በገዛ ጣታቸው፣ ፊደል በፊደል እየፈለጉ፣ ስማቸውንና የፈረሳቸውን መልክ አስገቡ። «አንደኛ፦ ፈንታሁን፣ ዳማ ፈረስ» የሚል ወጣ። ኮሚቴው አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ከዚያ ከአዲስ ቅዳም አንድ ገባ፤ ከጫግኒ ሦስት ገቡ፤ ከጥርባ ሁለት ገቡ። ሰባት ሰው ገባ።

ስምንተኛው አልገባም።

መጀመሪያ የደወሉት ከዳንግላ ነበር። «መዝገቡ አልተገኘም ይላል። የት ሄደ?» «የትም አልሄደም፣ ደግመው ይሞክሩ» አልኩ። ደገሙ። አልተገኘም። በደቂቃዎች ውስጥ የኮሚቴው ስልክ ሁሉ በአንድ ላይ መጮህ ጀመረ። ያቺ ጨዋ መልእክቴ ጉዷን ያወጣችው ያኔ ነው። የድሮው ደብተር ሁሉ፣ የሞቱት ፈረሰኞች ስም ሳይቀር፣ ወደዚህ መዝገብ መገልበጡን ሰው ሰምቷል። ዳንግላ ላይ «አልተገኘም» የተባለው አዲስ ቅዳም ሲደርስ «ጠፋ» ሆነ፤ ጥርባ ሲደርስ «ተቃጠለ» ሆነ። አንድ የጫግኒ ሰው ደውለው ሌባው ተይዞ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ላቤ በጀርባዬ መውረድ ጀመረ፤ በእንጅባራ ታኅሣሥ። ሰርቨሩ ምን እንዳጋጠመው በስልኬ ሳይ በሮቹ ሁሉ ተይዘዋል ይላል። ሠላሳውም። ወዲያው ገባኝ፤ ማለት የገባኝ መሰለኝ። የተመዘገቡት ሰዎች ገጹን ሳይዘጉ ቁጭ ብለዋል! ሰባት ሰው ሠላሳ በር እንዴት እንደሚይዝ ቆም ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ሰው ሲጨነቅ ግን መደመርም መቀነስም አይችልም። በቀጥታ ለአቶ አያሌው ደወልኩ፤ ከጋሽ ፈንታሁን ቀጥለው የተመዘገቡት የአዲስ ቅዳሙ ሰው ናቸው። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሣም። በመጨረሻ በባለቤታቸው ስልክ አገኘኋቸው።

«ጋሽ አያሌው፣ ስደውልልዎ አልሰሙም?»

«ኧረ ሰምቻለሁ። ገጹ እንዳይዘጋብኝ ብዬ ነው ያላነሣሁት። ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።»

«ስምዎ እኮ ገብቷል። አሁን ገጹን ይዝጉልኝ።»

«እዘጋና ተራዬን ማን ሊወስድ ነው?»

«ማንም አይወስደውም።»

«ማንም የማይወስደው ከሆነ ለምን ዝጋ ትለኛለህ?»

ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ለእነሱ የተከፈተ ገጽ ማለት በጋሽ ፈንታሁን ግቢ የተቀመጠው ድንጋይ ነው። ድንጋይህን አንሣ የሚል ሰው ደግሞ ወይ ሌባ ነው ወይ የሌባ ዘመድ ነው። ሁለቱ የጥርባ ሰዎች ደግሞ፣ ልጅ ስልኩን እንዳይነካ ተራ በተራ እየጠበቁ ነበር። አንዱን በልመና ብዛት አስዘጋሁት። ወዲያው ከዳንግላ አንድ ሰው ዘው ብሎ ገባና በሩ እንደገና ሞላ።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። መዝገቡ ተቃጥሏል የተባሉት የጥርባ ፈረሰኞች፣ በአካል ሊመዘገቡ ጭነው መጥተው ግቢውን ሞሉት። አንዱ ፈረስ የተራ ድንጋዩን ረግጦ በተነው፤ በዚያ ላይ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ። ከዳንግላ ደግሞ አቶ መኩሪያ የሚባሉ ሰው በሚኒባስ ደረሱ። ፈረሳቸው ሚኒባስ ውስጥ ስለማይገባ ፈረሰኛ መሆናቸውን የሚያሳይ ልጓም በትከሻቸው አንግተው መጥተዋል። «አርባ ዓመት ጋልቤያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም» አሉኝ፤ ልጓሙን ፊቴ ላይ እያወዛወዙ። እኔ የማየው ግን እሳቸውን አልነበረም። ከጥግ ያለችውን ውብዓለምን ነበር፤ ስልኳን ትታ እጇን እጥፍጥፍ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። አለቀ፣ ሽማግሌ የለም፣ ክኒኔን ይዤ እቀራለሁ አልኩ።

ጋሽ ፈንታሁን እጃቸውን አነሡ።

«ምንድን ነው የያዘው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በሩ ጠባብ ነው። የተመዘገቡት ሰዎች ገጹን አንዘጋም ስላሉ ሌላው መግባት አልቻለም።» ሌላውን ሰው ጥፋተኛ ሳደርግ ድምፄ ምን ያህል እንደጸና ብታዩ ትገረሙ ነበር።

«እኔስ?»

ስልካቸው ከጠዋት ጀምሮ እጃቸው ላይ ነው። አንደኛ የሚለው ቁጥር ያበራል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ላያቸው እየፈራሁ የዘለልኩት በር ያ ነበር።

«እርስዎም፣ ጋሼ» አልኩ፤ ድምፄ አሁን ከየት እንደወጣ እንጃ።

ስልኩን ዘረጉልኝ። «ዝጋው።»

ኮሚቴው ተንጫጫ። አንዱ «ጋሼ፣ አንደኛነትዎን?» አለ። እሳቸው ቀና ብለው በመስኮት ግቢውን አዩ፤ ፈረሱን፣ ሰዉን፣ የተበተነውን ድንጋይ። «ይኼ ሁሉ ሰው ውጭ ቆሞ እኔ አንደኛ ልባል?» አሉ።

ዘጋሁት። ግቢ ውስጥ አንድ የጥርባ ሰው ፈረሱ ላይ ሆኖ «ገባሁ!» ብሎ ጮኸ። አንድ ሰው ብቻ።

ያን ጊዜ አፈርኩ። እኚህ ሰው ክብራቸውን አውጥተው ሲሰጡኝ እኔ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር በቅጡ አላየሁም። እያንዳንዱን በር ማን እንደያዘ የሚያሳይ ዝርዝር አለ፤ ከሁሉ በፊት መታየት የነበረበት እሱ ነው። በስልኬ ከፈትኩት። ሰባቱ በሮች ላይ የሰው ስም ነበር። በቀሩት ላይ እንዲህ ይላል፤ አስተዳዳሪ። አስተዳዳሪ። አስተዳዳሪ። እስከ ታች ድረስ አስተዳዳሪ። ሃያ ሦስት ጊዜ።

አስተዳዳሪው እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ በተጨነቅሁ ቁጥር የከፈትኳቸው ገጾች፣ አንዳቸውም ሳይዘጉ፣ እቤት ላፕቶፔ ላይ ተደርድረው የሰውን በር ይዘው ተቀምጠዋል። ፈረሰኞቹን ውጭ ያስቆማቸው የአቶ አያሌው ሳጥን አይደለም። የኔ ፍርሃት ነው።

ወደ ደጅ ወጣሁና ለእማ ደወልኩ።

«እማ፣ ላፕቶፑን ዝጊልኝ።»

«ምን አልከኝ?» አለች።

«እማ፣ ትሰሚኛለሽ? ክዳኑን ግጠሚና ከሶኬቱ ንቀዪው። ቶሎ ዝጊው!»

«አንተ ነህ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ እኔን ዝጊ የምትለኝ?»

«እማ፣ በናትሽ!»

«እስቲ ድገመው።»

«ዝጊው።»

«አልሰማሁም፣ ነፋስ አለ። በሩን እንዳስለመድከው ከፍተኸው ስለሄድክ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ።»

በአቶ መኩሪያና በአሥራ ሁለት ፈረስ ፊት፣ በሙሉ ድምፄ «ዝጊው!» አልኩ። አንድ ፈረስ ደነበረ። እማ ለብዙ ዓመት ስትጠብቀው የኖረችውን ደስታ በልኩ ካጣጣመች በኋላ ግጥም ሲል ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጎርፍ ነው። ከግቢውም ከየከተማውም «ገባሁ! ገባሁ!» ሆነ። አቶ መኩሪያ ልጓማቸውን ከትከሻቸው አውርደው ስማቸውን አስገቡ። ሳሎን ውስጥ ያለው ኮሚቴ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ከመካከላቸው አንዱ «ኔትወርኩ መጣ!» አለ። ሁሉም ተቀበለው። «ኔትወርክ ነው ለካ! ምን ያድርግ ልጁ፣ ኔትወርክ እኮ ነው!»

ልብ በሉልኝ። በዚህ አገር ኔትወርክ ነው ተብሎ የማይታመን ነገር የለም። ያልተመለሰ ዕቃ፣ ያልተነሣ ስልክ፣ የቀረ ቀጠሮ፣ ሁሉንም ተሸክሞልን ይኖራል። እኔ ምንም መናገር አይጠበቅብኝም ነበር፤ አንገቴን ነቅነቅ ባደርግ ይበቃል። በሳሎኑ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ አንድ እግሬ ውስጥ አንድ እግሬ ውጭ። ጋሽ ፈንታሁን «ኔትወርክ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ውብዓለም ቀና አለች። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ተስፋ አየሁ።

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ግን ለሰው ብለው ባስዘጉት ስልካቸው ላይ አረፈ፤ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ተደፍቷል።

«አይደለም፣ ጋሼ» አልኩ። «እኔ ነኝ። ከሠላሳው በር ሃያ ሦስቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይሠራ እንደሆነ ለማየት እየከፈትኩ አልዘጋሁም። ፈረሰኞቹን ያለ ጥፋታቸው ነው የከሰስኳቸው። እርስዎንም ያለ ነገር ነው ያስዘጋሁዎ። ተራዎ ግን አልጠፋም፤ ይኸውና፣ አንደኛ እንደሆኑ ነው።»

«ኔትወርኩ መጣ» ያለው ሰውዬ ቆቡን አስተካከለ። ጋሽ ፈንታሁን ስልኬን ተቀብለው ስማቸውን አዩና መለሱልኝ።

«ይኼን ማኅበር ስመራ ብዙ ዘመኔ ነው» አሉ። «ከፈረስ የወደቀ ሰው ስንቱን አነሣሁ መሰለህ። አንዱ ፈረሱ ደንብሮ ነው ይለኛል፣ አንዱ ሜዳው ድጥ ነው ይለኛል። ኮርቻውን በቅጡ ሳላስረው ነው የወጣሁት ያለኝ ሰው እስካሁን አልነበረም።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። መልካም ይሁን ክፉ ለመለየት ፊታቸውን ባየው፣ ፊታቸው እንደ ሁልጊዜው ነው። ወደ ውብዓለም አየሁ፤ እሷም አባቷን ታያለች።

«ሽማግሌዎችህን ሰኞ ላካቸው» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሳብ አድርገው፣ «አሁን ግን አንተ ሰው፣ ያን በር ዝጋው። በብርድ ፈጀኸን እኮ» አሉ።

ዞር ብዬ አየሁት። እውነትም በሩ እስከ ግድግዳው ተበርግዷል፤ የታኅሣሥ ነፋስ በእኔ ግራና ቀኝ እየገባ የኮሚቴውን ወረቀት ያርገበግባል። በሕይወቴ እንዲህ ፈጥኜ የታዘዝኩበት ቀን የለም። እጀታውን ያዝኩ፣ በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት፣ ጓ ብሎ ተዘጋ።

እኔ ግን የቀረሁት ውጭ ነበር።

ከውስጥ አንድ የማላውቀው ወፍራም ሳቅ ተሰማ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አቶ መኩሪያ ከበስተኋላዬ ልጓማቸውን እንደያዙ ቀርበው «ጋሽ ፈንታሁን ናቸው እንዴ የሚስቁት?» ብለው ጠየቁኝ። ውብዓለም መጥታ በሩን ከፈተችልኝ፤ እሷም እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች ነበር። ገባሁ። በሩን ዘጋሁት።